ምንጣፍ ጭኜ ታኮ ያወረድኩ ሴትዮ

ወገን፣ ትናንት ቤቴ ጥሎኝ ሊሄድ ነበር!

ባሌ አላልኩም። ቤቴ!

ላይቩን ያያችሁ ሰዎች ዝም በሉ፤ ላላዩት ከመጀመሪያው ልንገራቸው።

እንደምታውቁት ትራቬል ትሬለር ገዝተናል። ከመኪና ኋላ የሚጎተት፣ አልጋም ኩሽናም ሽንት ቤትም ያለው ቤት ነው። ያገለገለ ነው፤ ግን ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ ካለው አፓርትመንታችን ኩሽናው ይሻላል። እውነቴን ነው!

አሁን ከአባዬ ጋር ላስተዋውቃችሁ።

አባዬ አሜሪካ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከነተሳቢው። እኔ ደግሞ ኤርፖርት ሻትል መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ። ሁለት ሾፌር አንድ ቤት ውስጥ!

ችግሩ ምን መሰላችሁ? አባዬ እኔ ስነዳ አያምነኝም።

ጎኔ ይቀመጥና በቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። እጁ የበሩን እጀታ አይለቅም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንደዛ፣ ክሊኒክ ስንሄድ እንደዛ። በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳን ዘና ብሎ ሲቀመጥ አላየሁም። ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ላይ የስንቱን አገር ሰው የማመላልስ ሴት፣ የገዛ አባቴ ፊት ተለማማጅ ነኝ።

ያናድዳል። ሐቁን ካወራን ደግሞ ያሳዝነኛል።

ትሬለሯን ስንገዛ በሆዴ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ ተሳቢ ጎትቼ አሳየዋለሁ!

ሶ ኢንተርኔት ገብቼ ለአዲስ ባለ ትሬለር የግድ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን ዝርዝር አወጣሁ። ነጩ የመጠጥ ውሃ ቱቦ። የውሃ ግፊት መቀነሻ። ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ሲል ዕቃ እንዳይቃጠል የሚከላከለው። የሽንት ቤቱ ቱቦ ከነረጅም ጓንቱ። ሁሉንም ገዛሁ። ጓንቱንማ ሁለት!

ከዛ ዝርዝሩ ላይ የሌለውም መጣ። ውጪ የሚነጠፍ ምንጣፍ፣ የሚንጠለጠሉ መብራቶች፣ ከምንጣፉ ጋር የሚሄድ መጋረጃ። ፎቶ እኮ አለ!

ዝርዝሩን ለአባዬ ስተረጉምለት ሰማኝና፣ "ታኮስ?" አለ።

ታኮ ለማታውቁ፣ የቆመ መኪና እንዳይንከባለል ጎማው ሥር የሚሸጎጥ እንጨት ነው። ዝርዝሩ ላይ ነበረ። እኔ ነኝ የዘለልኩት።

ለምን በሉኝ።

ትሬለሯ ጸበል ተረጭታለቻ!

አትሳቁ! እናንተም አዲስ መኪና ስትገዙ አስረጭታችኋል። ከዛ በኋላ የጎማ ንፋስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አባ መጥተው ዙሪያዋን ባርከውልናል፣ ከፊቷ ላይ የሚካኤልን ሥዕል ለጥፈናል። የምትንከባለልበት ምክንያት አልታየኝም።

"ጸበሉ ለእኛ ነው። ጎማው ታኮ ይፈልጋል" አለ አባዬ።

እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ።

እሱ ግን ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ወፍራም እንጨት በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሲገዘግዝ ሰነበተ። ጎረቤት ኮምፕሌይን ያደርግብናል ብዬ በድንጋጤ ልሞት!

ዕቃ ስጭን የሠራቸውን ሁለት ታኮዎች ትሬለሯ ውስጥ አገኘኋቸው። ልክ ምንጣፌን የማስቀምጥበት ቦታ ላይ።

አወረድኳቸው። ሳልነግረው ወደ በረንዳው መለስኳቸው።

አዎ፣ ምንጣፍ ጭኜ ታኮ አወረድኩ። ስክሪንሹት አድርጉት።

ትናንት ጠዋት ሐይቅ ዳር ልንሰፍር ጉዞ ጀመርን። ባሌ ሥራ ገብቷል፤ እኔና አባዬ ብቻ ነን። አባዬ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ጭኑ ላይ አድርጎ ገባ። ድፎ ዳቦ መሰለኝ። ቁርስ ስላልበላሁ ደስ አለኝ።

ከዳላስ እስከ ሐይቁ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያንን ሁሉ መንገድ የሌለ ፍሬኑን ሲረግጥ ዋለ። "ቀስ በይ! አሳልፊው! ምን አስቸኮለሽ?" ማለቴ፣ ብስክሌት የቀደመን ይመስለኛል።

ግን ስሙኝ! የተሰጠን ቦታ ሁለት ዛፍ መሃል ነው፤ የሚገባው ደግሞ ወደ ኋላ ነው። ተሳቢ ወደ ኋላ መንዳት ተገላቢጦሽ ነው፤ ትሬለሯ ወደ ቀኝ እንድትሄድ መሪው ወደ ግራ ይዞራል። እኔ ለአባዬ ሳልነግር ሦስት ሳምንት ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ተለማምጃለሁ።

በአንድ ጊዜ አስገባኋት! አንዴ ብቻ!

አጠገባችን የሰፈረው ካውቦይ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበልኝ። አባዬ ግን መሬቱን ነው የሚያየው።

"ቆይ፣ ቁልቁለት አለው" ብሎኝ ወደ መኪናው ተመለሰ። ዳቦውን ሊያመጣ ነው ብዬ ነበር።

እኔማ ማን ይቻለኛል! ከመኪናው ጋር ያያዛትን ሰንሰለት ፈታሁ፣ ስልኬን አወጣሁ፣ ላይቭ ገባሁ። በአንድ እጄ ስልክ ይዤ፣ በሌላው የትሬለሯን አፍንጫ ከመኪናው ላይ የሚያነሳውን በተን ተጫንኩ። ዞር ብዬ፣ "ቤተሰብ! ዛሬ ለአዲስ ባለ ትሬለሮች የግድ ስለሚያስፈልጉ ዕቃዎች..." ማለት ጀመርኩ።

ስክሪኑ ላይ ልቡ ይዘንባል። ከዛ ኮሜንቱ ተለወጠ።

"ከኋላሽ!"

"ኧረ ሴትዮ፣ ከኋላሽ!"

ሐይቁ ያምራል አይደል፣ አመሰግናለሁ፣ እላለሁ እኔ።

አንዷ ረጋ ብላ ጻፈችልኝ። "እህቴ፣ ቤትሽ እየሄደ ነው።"

ዞርኩ።

እየሄደች ነው! ቀስ ብላ፣ የፊት መቆሚያ እግሯ ጠጠሩን እየፋቀ፣ ከነመጋረጃዋ ወደ ሐይቁ! ከፊቷ የለጠፍነው ሚካኤል እያየኝ ይርቃል!

እኔ ምን አደረግኩ? ስልኬን ሳልለቅ በሌላው እጄ ያዝኳት። ቤት በአንድ እጅ ያዝኩ!

"ታኮ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አባዬ ነው። ጉልበቱን ስለሚያመው አይሮጥም። ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመደ፣ ጋቢውን ፈታ፣ አንዱን እንጨት ጎማው ሥር ወረወረ፣ ሁለተኛውን በጫማው ገፍቶ ሸጎጠው።

ቀጥ!

ዳቦ አልነበረም። በረንዳ ላይ የጣልኩትን ታኮ አይቶት፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ መንገዱን ሁሉ ጭኑ ላይ አቅፎት መጥቷል።

ላይቩን እንዳላጠፋሁት ገምታችኋል መቼም። አንድ እናት፣ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብለው ጽፈዋል። ሌላው ደግሞ፣ "ዝርዝሩ ላይ አባትሽን ጨምሪ!"

ባለ ባርኔጣው ሮጦ መጥቶ የአባዬን እጅ ጨበጠ። "ዩ አር ኤ ፕሮ፣ ሰር!"

"ምን አለ?" አለ አባዬ።

"ባለሙያ ነህ ነው የሚልህ።"

አባዬ ወደ ሰውየው ትሬለር አየት አደረገ። "እሱም ታኮ በአንድ በኩል ብቻ ነው ያደረገው። በወዲያኛውም ያድርግ በይው።"

ነገርኩት። ሄዶ አደረገ!

እኔን ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣኝም። ብቻ "ከመጀመሪያው" አለኝ። መልሼ አገናኘኋት፣ መጀመሪያ ታኮ፣ ከዛ ማላቀቅ። እንደገና። እንደገና። ምሳ ሳንበላ!

"አባዬ፣ ተሳስቻለሁ። ታኮህን ያወረድኩት እኔ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ። እግር የለው፣ ራሱ በረንዳ አይወጣም" አለኝ።

ዛሬ ስንመለስ ማንም ሳይነግረኝ ዙሪያዋን ዞርኩ። መጋጠሚያውን አየሁ፣ ሰንሰለቱን አየሁ፣ መብራቱን አየሁ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። መጨረሻ ላይ ታኮዎቹን አንስቼ በምንጣፉ ቦታ ጫንኳቸው። ምንጣፉ የመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ተንጋሎ መጣ። አባዬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሲያየኝ ቆየና ገባ።

ሃይዌይ ወጣሁ። "ቀስ በይ!" እስኪለኝ ጠበቅኩ።

ዝም።

ዞር ብዬ አየሁት። እግሩ ፍሬን አይረግጥም። እጁ እጀታውን ለቋል። አፉ ተከፍቷል።

ተኝቷል!

የሾፌር ልጆች ታውቁታላችሁ። ሾፌር ሌላ ሰው እየነዳ አይተኛም። አባዬ ያንን ሁሉ ዓመት ሲሠራ፣ ሌላ ሰው መሪ ይዞ እያለ ዓይኑን እንዳልከደነ ራሱ ነው የሚነግረን። አሁን ተሳቢ እየጎተትኩ፣ በዳላስ ትራፊክ መሃል፣ ያንኮራፋል!

አለቀስኩ። እንዳይነቃ ድምፄን አጥፍቼ ነው ያለቀስኩት።

ከሃይዌይ የምንወጣበት ኤግዚት ደረሰ። አለፍኩት። ትንሽ ይተኛልኝ ብዬ፣ ከነቤቴ ከተማዋን ዞርኩ።

ሶ ባለሙያዋ እኅታችሁ ዝርዝሩን አሻሽላለች። አንደኛ ታኮ። ሁለተኛ፣ ታኮ ስታወርዱ የሚያያችሁ አባት።

ምንጣፍ የሚፈልግ አለ?