የሳሎናችን ካሬ

በዚህ ከተማ ሰው የልደት ቀኑን ሊረሳ ይችላል፤ የቤቱን ካሬ ግን ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱትም ሳይሳሳት ይነግርዎታል። እርስዎም ይኼን እያነበቡ የራስዎን በልብዎ ብለውታል። የእኔ ሳሎን፣ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ሃያ ካሬ ነው። ጉድ የሠራኝም ይኸው ዕውቀቴ ነው።

ልጄን ቤዛን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች እሑድ ሊመጡ ሆነ። ባለቤቴ አልማዝ ግራጫ የሆነውን ግድግዳ አየት አድርጋ «ይኼን ያየ ሽማግሌ ልጄን ትቶ ነው የሚሄደው» አለች። ክሬም ቀለም ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁ «ስንት ካሬ ነው?» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ «ሃያ!» አልኩት። ለሃያ የሚበቃውን ሰጠኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ገና ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ስንደርስ ባልዲው ባዶ ሆነ። ግድግዳው ጠጥቶት ይሆን? ባለሱቁ አጭበርብሮኝ ይሆን? በሩን ቀነስኩ፣ መስኮቱን ቀነስኩ፣ ኮርኒሱን ደምሬ መልሼ አወጣሁት፤ ሂሳቡ ይብስ ተወሳሰበ። አልማዝ ብሩሿን አስቀምጣ «ለመሆኑ ሃያው የምኑ ነው?» አለች።

«የሳሎኑ ነዋ!»

«እሱ የወለሉ ነው እኮ! ወለል ልንቀባ ነው?»

ወደ ሱቁ ብበር ያ ቀለም አልቋል፤ ሰኞ ይገባል ተባልኩ።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከካራ መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ ብለው ቆሙ። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ አውቃለሁ፤ ግን ዐይናቸው ከክሬሙ ግድግዳ ወደ ግራጫው ይመላለሳል። ወጉ ነው ወይስ ግድግዳው? ቤዛ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች። በባልዲ ቀለም የልጄን ትዳር አበላሸሁ ብዬ ከልቤ ፈራሁ።

ሽማግሌ የላከው ልጅ አጎት አቶ ጉደታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከጉዳያችን በፊት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለቀለሙ ስንት ካሬ ብለው ነው የገዙት?»

«ሃያ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ። «የወለሉን።»

«አይ ወንድሜ! እኔም የወለሉን ተናግሬ ሳሎኔ ግማሹ እንደዚሁ ቀርቷል! እንግዲህ እኛ ካልተዛመድን ማን ሊዛመድ ነው?»

ከበሩ ጀርባ ሳይቀር ተሳቀ። ቤዛ ተጠየቀች፣ ተሰጠች፤ ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

ሰሞኑን ደግሞ ለሰርጉ የተነጋገርነው ድንኳን አከራይ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ስንት ካሬ ላዘጋጅ?»

ስልኩን ለአልማዝ ሰጠኋት።