ሳህን ባዶውን አይመለስም

ስለ ኑሮ ውድነት የማያወራ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ሕፃን ነው ወይ ሌላ ሰው ይከፍልለታል። እኔ ዕድሜዬን በዜና ሥራ ስለፈጀሁ ከምሬት ይልቅ ዋጋ እወዳለሁ፤ ሰው «ተቃጠልን» ሲለኝ «ስንት ነበር፣ ስንት ገባ?» እላለሁ። በዚህም የተነሳ ዘመዶቼ ብዙ አያዋሩኝም። ሆኖም አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። በገዛ አገሩ የሚኖር ሰው በወር ስንት እንደሚያወጣ ብትጠይቁት አያውቅም፤ የሚያውቀው እንደማይበቃው ብቻ ነው። ወጪውን እስከ ሳንቲም የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ ከውጭ አገር ማስመጣት አለባችሁ።

ለመካነ ሰላም ከተማ ሁለት መጡላት።

ቶማስና ሌና ባልና ሚስት ናቸው፤ ሥራቸው መዞር ነው። በየአገሩ አንድ አንድ ወር ይቀመጡና «ለሁለት ሰው የወር ወጪ ይህን ያህል ነው» ብለው ኢንተርኔት ላይ ይጽፋሉ። እንጀራቸው ይኸው ነው። ሕጋቸውም አንድ ነው፤ ለወሩ የመደቡት ገንዘብ ካለቀ፣ ወሩ ባያልቅም ሻንጣ ይታሰራል። የተከራዩት፣ እኔ ለዕረፍት ካረፍኩበት ከእህቴ ቤት ጎን፣ የጨርቅ ነጋዴዋ የእትዬ ዘምዘም ግቢ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ለወጪ መዝገባቸው አልተመቸም። ሻይ ቤት ገብተው ሒሳብ ሲሉ «ተከፍሏል» ይባላሉ። ማን ከፈለ? አይታወቅም። በሚኒባስ ወደ ጎረቤት ከተማ፣ ወደ ከላላ፣ ገበያ ሲሄዱ ከኋላ የተቀመጠ ሰውዬ ከፍሎላቸው ወረደ። ቶማስ በምግብና በትራንስፖርት አንጻር ዜሮ ጽፎ እኔ ዘንድ መጣ።

«ይህን ብጽፍ ማን ያምነኛል?»

«ታገስ» አልኩት። «እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው። ብረት ስትሆን ትከፍላለህ።»

ብረትነቱ ሳይደርስ ሳህን መጣ። እትዬ ዘምዘም በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ላኩላቸው። ሌና በልታ፣ ሳህኑን እስኪያብረቀርቅ አጥባ፣ ባዶውን ልትመልስ ስትል በር ላይ አገኘኋት። እዚህ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። «የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም» አልኳት። እናንተ ብትሆኑ እፍኝ ስኳር ጣል አድርጋችሁበት ትገላገላላችሁ፤ እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ሰውን ሁሉ «መጠኑ ስንት ነው?» እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ መጠኑን መናገር ረሳሁ።

ሌና ሳህኑን በብስኩት ሞላችው። እትዬ ዘምዘም እንግዳ ሊበልጣቸው ነውና በእንቁላል መለሱት። ቶማስ ስኳር ቆለለበት። ማር መጣ። በማሩ ፋንታ ሳህኑ በባለ አምስት ሊትር ዘይት ላይ ተከድኖ ሄደ፤ የዘይትን ዋጋ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ዶሮ ወጥ ከነድስቱ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት በገበያ ቀን ቶማስ ሙክት እየጎተተ ግቢ ገባ። ሙክቱ ሳህኑ ላይ ስለማይበቃ፣ ሳህኑን በፌስታል አድርጎ ሙክቱ አንገት ላይ አንጠልጥሎት ነበር።

በማግስቱ ባልና ሚስቱ ተኳርፈው እኔ ዘንድ መጡ። አሥራ አንድ ቀን ይቀራል፤ ገንዘቡ ግን ለሦስት ቀን ነው።

«እንሄዳለን» አለ ቶማስ። «ከኖርንባቸው ከተሞች ሁሉ ውዷ ይህች ናት። ቁጥር አይዋሽም።»

«እኔ አልሄድም» አለች ሌና። «ጠዋት በስሜ ጠርቶ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ያገኘሁት እዚህ ነው።»

እኔ የመጀመሪያውን ብቻ መዘገብኩ። ሁለተኛው ስሜት ነው።

በሙያችን አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ ነውር ነውና ወደ እትዬ ዘምዘም ሄድኩ። ሙክቱ በረንዳ ላይ ታስሮ ከሱቅ የመጣ አቡጀዲ ያኝካል።

«ደህና መጣህ ልጄ። ፈረንጅ ጊደር ይወዳል?» አሉኝ።

«ምን ሊያደርጋት?»

«እንጃ። ከሙክት በላይ ያለችኝ እሷ ናት። ወላሂ፣ እነዚህ ልጆች ሊያዋርዱኝ ነው የመጡት። ዶሮዎቼ አለቁ፤ እንቁላል ከበላሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ።»

«ታዲያ ለምን አይተዉትም?»

«እንዴት ብዬ? ሳህኑ እኔ ጋ ነው።»

ሐቁ እንግዲህ ይህ ነው። በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት ቤቶች በመከባበር ሊከስሩ ነው። የቶማስን ሒሳብ ነገርኳቸው፤ ዘይቱን፣ ሙክቱን፣ የቀረችውን የሦስት ቀን ገንዘብ።

«ሊሄዱብኝ ነው?» አሉ። ከዚያ መቀነታቸውን እስኪይዙ ሳቁ። «አብሽር። ሳህን የሚመላለሰው በሁለት ቤት መካከል ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቤት ነን፤ ከእኔው ትሪ ይብሉ፣ አስቤዛውን በየተራ እንገዛለን። ሙክቱንም አርደን አብረን እንበላዋለን።»

ወጪው በአንድ ጊዜ ወደቀ። ባልና ሚስቱ ሁለተኛ ወር ጨመሩ። ነገር ግን የቤት ሰው መሆን የራሱ ቀረጥ አለው፤ እትዬ ዘምዘም የሰፈሩ ቅሬ ውስጥ አስገቧቸው። ቅሬ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ የሞተው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን ድንኳን ይተክላል፣ ይቀብራል፣ የቀረውን ይቀጣል።

ብዙም ሳይቆይ ቶማስ ወረቀት ይዞ እየሮጠ መጣ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከል ስላልተገኘ ተቀጥቷል።

«ሟቹን እኮ አላውቃቸውም» አለኝ።

«ሌናስ?»

«ለቅሶ ቤት ውሃ ስትቀዳ ውላለች። አሁን ትስቅብኛለች።»

የቅሬው ዳኛ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። «አባባ፣ ይህ ሰው እንግዳ ነው፤ ቅጣቱ ቢቀርለት?» አልኳቸው።

ሽማግሌው መዝገቡን ገለጡ። «እንግዳማ አይቀጣም» አሉ። «እንግዳ ከሆነ ቅጣቱን እንተውለት፣ ስሙንም ከዚህ እንፋቀው። ምረጥ በለው።»

ተርጉሜ ሳልጨርስ ቶማስ እጁን ኪሱ ከተተ። ከፈለ። ደረሰኙንም እንዳይታጠፍበት በሁለት እጁ ይዞ ወጣ።

የዚያን ወር ዝርዝራቸውን ኢንተርኔት ላይ አይቼዋለሁ። ከቤት ኪራይ፣ ከምግብና ከትራንስፖርት ቀጥሎ «ቅጣት» የሚል ወጪ አለ። አንዱ አንባቢ ምን አጥፍተው እንደሆነ ጠይቋቸዋል። ቶማስም መልሷል፦ «ጎረቤታችን ሞተው አልተገኘሁም።»