ወረፋ የጠበቀ መርዶ

«ተልኳል» የምትለውን ቃል የሚያምን ሰው ሳይ አንጀቴን ይበላዋል። ዕቃህ ተልኳል ይሉሃል፤ መኪናው ገና መናኸሪያ ቆሞ ተሳፋሪ እየጠራ ነው። ማመልከቻህ ለበላይ ተልኳል ይሉሃል፤ ሄደህ ስታየው በላዩ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበታል። መላክ የላኪው ጉዳይ ነው። መድረስ ግን የማን ጉዳይ ነው? እኔ ይህን መጠየቅ የጀመርሁት አባቴ ሲሞቱ ነው።

አባቴ አያ መኮንን የደብረ ታቦርን ሰው ግማሹን ቀብረዋል ብል ያጋነንሁት ጥቂት ነው። በክረምት ጭቃ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው እስከ ገሳይ ድረስ ለቀብር ይሄዱ ነበር። ሟቹን ያውቁት እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ «የሚያውቁትንማ ማንም ይቀብረዋል» ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት አገር ይነቀላል ብላችሁ ታስባላችሁ። እኔም አስቤ ነበር።

የዕድራችን ሊቀ መንበር አቶ ጥጋቡ ግን ከዚያ በፊት ዕድሩን አዘምነውት ነበር። ጥሩምባ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው አሉና የእህታቸውን ልጅ ሰላማዊትን አመጡ። ሰላማዊት ባሕር ዳር ኮምፒውተር የተማረች ናት፤ ለዕድሩ ድረ ገጽ ሠራችለት። ከእንግዲህ ጸሐፊው ድረ ገጹ ላይ መርዶውን ይጽፋል፣ አንዲት ቁልፍ ይነካል፣ የአባላቱ ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጮኻል ተባልን። አጨበጨብን። ጥሩምባው ዕቃ ቤት ገባ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ተረት ያን ቀን ያስታወሰ አልነበረም።

አባቴ በነሐሴ፣ ሐሙስ ማለዳ አረፉ። ጸሐፊው ዘንድ ሮጥሁ። አጠገቡ ቆሜ እያየሁት «ከአቶ ደሳለኝ መኮንን ቤት ሐዘን ስለደረሰ፣ ቀብሩም ዛሬ በስድስት ሰዓት ስለሚፈጸም እንድትገኙ» ብሎ ጻፈ። ደሳለኝ እኔ ነኝ። የአባቴ ስም የት አለ ብዬ ብጠይቀው፣ ማሽኑ የሚያውቀው አባል እንጂ ሟች አይደለም አለኝ። ከዚያ ቁልፏን ነካ። በአረንጓዴ ቀለም «መልእክትዎ ተልኳል» የሚል ብቅ አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ሐዘን መካከል ያቺ አረንጓዴ ጽሑፍ አጽናንታኝ ነበር።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ካህናቱ አሉ፣ እኔና ባለቤቴ አለን፣ ለቅሷችንን በግድግዳ የሰሙ ጎረቤቶች አሉ። ድንኳን የለም። ሬሳውን ለመሸከም የሚያግዝ ተለዋጭ ትከሻ እንኳ የለም። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ቄሱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር እያዩ፣ «ትንሽ እንጠብቅ ይሆን?» አሉኝ።

«እንጠብቅ አባቴ፣ ይመጣሉ» አልሁ።

ጠበቅን። የመጣው ዝናብ ነው። ያን ሁሉ ሰው ሲቀብሩ የኖሩት አባቴ በጭቃ ውስጥ በሹክሹክታ ተቀበሩ። ኋላ እንደሰማሁት ወሬው የደረሳቸውም ነበሩ፤ ስልካቸውን አይተው የዕድሩን መልእክት ሲያጡ «ሐሰት ይሆናል» ብለው ተቀምጠዋል። ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ በማሽን መረጋገጥ አለበት ማለት ነው።

ከሁሉ የቆረቆሩኝ ጋሽ ሰይድ ነበሩ። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ያን ቀን ሐሙሲት ገበያ ውለዋል። በማግስቱ እያለቀሱ መጡና፣ «ልጄ፣ ምነው መኮንንን ያለ እኔ ቀበርኸው?» አሉኝ።

«መልእክት ተልኮልዎታል» አልኋቸው። ስልካቸውን አውጥተው ሊያሳዩኝ ሲሉ ፊቴን አዞርሁ። ምን ላድርግ፣ አረንጓዴውን ጽሑፍ በዓይኔ አይቻለሁ። አቶ ጥጋቡም ሄጄ ብጠይቃቸው፣ ማሽን አይዋሽም፣ የሚዋሸው ሰው ነው ብለው ቁርጡን ነግረውኛል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ሞኙ ያዝሁትን አለቀቅሁም። ከዚያ ወዲያ በጋሽ ሰይድ ሱቅ በር የማልፈው አንገቴን ሰብሬ ሆነ። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

ኅዳር ገባ፤ ሰው አጨዳ ላይ ነው። ግቢዬ ውስጥ እንጨት ስፈልጥ ከታች መንገድ ለቅሶ ሰማሁ። ቀላል ለቅሶ አይደለም፣ አገር የሚያናውጥ ነው። ጎረቤት ሞቶ እንደሆነ ብዬ መጥረቢያዬን ጣልሁ፣ ጋቢዬን ደረብሁ፣ ወጥቼ ተቀላቀልሁ። ወግ ነውና እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስሁ። ትንሽ እንደሄድን አጠገቤ ደረቷን የምትደቃውን ሴት፣ «እኔ እምለው፣ ማን ነው የሞተው?» አልኋት።

«ደሳለኝ» አለችና ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷም አታስታውሰውም፤ ውሃ ረጭተን ነው ያነሣናት።

ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። ሰው በስልኩ ላይ «ከአቶ ደሳለኝ ቤት ሐዘን ደርሷል፣ ቀብሩ ዛሬ» የሚል መልእክት መጥቶለታል። አባቴ መሞታቸውን ያውቃል፤ እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ። የሚያጭደው ማጭዱን ጥሎ መጥቷል። የዕድሩ ድንኳን እኔ ለማስረዳት ስደክም ግቢዬ ውስጥ ተተክሎ አልቋል። ይህን ያህል ሰው በአባቴ ቀን የት ነበር?

ጋሽ ሰይድ ሱቃቸውን ሳይዘጉ ነው የመጡት። በሩ ላይ ሲያዩኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አለህ?» አሉኝ።

«አለሁ ጋሽ ሰይድ።»

«ካለህ፣ ታዲያ ለምንድን ነው የማትሰላመኝ?»

ከእግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ።

ሰላማዊትም መጥታ ነበርና በገዛ ድንኳኔ ውስጥ አስረዳችን። ለካ ድረ ገጹ መልእክቱን ለሰው አይልክም፤ ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል። ከወረፋው እያነሣ ወደ ስልክ የሚያደርስ ሌላ ፕሮግራም አለ። በክረምቱ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ቆሙ። መብራት ሲመጣ ድረ ገጹ ራሱን አስነሣ፣ አድራሹ ግን የሚያስነሣው ሰው አጥቶ ተኝቶ ቀረ፤ ከአባቴ ወዲህ በዕድሩ ሌላ የሞተ ስላልነበረም ያወቀ የለም። እሷ ይህ ለቅሶ በተነሣበት ዕለት ጠዋት ከባሕር ዳር መጥታ ቀሰቀሰችው።

«ታዲያ ተልኳል ያለን ማን ነው?» አልኋት።

«ድረ ገጹ ነዋ። ለወረፋው ማስረከቡን ነው የነገራችሁ» አለች፤ ከዚያም በሙያዋ ኮራ ብላ፣ ወረፋው አንዲት መልእክት እንኳ እንዳልጣለ ጨመረችልን። እውነቷን ነው። መልእክቷ በደኅና ተቀምጣለች፣ በውስጧም ያለችው «ዛሬ» አልሻገተችም። የጠፋው ቀባሪ ብቻ ነው።

ሰዉ ወደ አጨዳው ተመለሰ። አቶ ጥጋቡ ሲወጡ ወደ ጎን ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ድንኳን ወጥቷል፣ ሕዝብ ወጥቷል፣ በደንቡ መሠረት ደግሞ ዕድሩ አንድን አባል የሚቀብረው አንድ ጊዜ ነው አሉኝ።

«ይኸኛው የአባቴ ይቆጠርልኝ» አልኋቸው።

«የአባትህማ በጊዜው ተልኳል» አሉ። «ይኸ የአንተ ነው።»

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ላለመሞት እየተጠነቀቅሁ እኖራለሁ።