እትዬ ፋይል በአዲሱ መዋቅር ላይ ስለ ተቀዳጁት ድል

መዝገብ ቤቱን ከባለቤታቸው በተረከቡ በስድስተኛው ዓመት፣ በሦስተኛው መዋቅር ዘመን፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ ከቆመ በሰባተኛው ወር፣ ክብርት እትዬ ፋይል፣ የዐሥራ አራቱ ቁም ሳጥን እመቤት፣ አቧራን ያስገበሩ፣ የጠፋ ደብዳቤን ከሞት ያስነሡ፣ በሚኒስቴሩ ምድር ቤት በወንበራቸው ተቀምጠው ሳለ የሆነው ይህ ነው።

በዚያ ወራት የለውጥ ኮሚቴው ሰብሳቢ ከአራተኛ ፎቅ ተነሡ። ተከትለዋቸውም ላፕቶፕ የታጠቁ ሁለት አማካሪዎች፣ ፕሮጀክተር ተሸካሚው፣ ገመድ ዘርጊው፣ ቃለ ጉባኤ ያዧ፣ ለምን እንደ ተጠሩ ያልተነገራቸው ሦስት ባለሙያዎችም ወረዱ፤ ዳይሬክቶሬቱን ቡድን፣ ቡድኑን ዴስክ፣ ዴስኩንም መልሰው ዳይሬክቶሬት ብለው ሰየሙ። በሰሌዳም ላይ አዋጅ ተለጠፈ፦ «ሠራተኛ ሁሉ ስማ! አሮጌው መዋቅር ፈርሷል። ምደባ የሚሰጠው በግል ማኅደር ነው። በማኅደር ያልተገኘ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል።»

ሻይ አፍይዋም በኮሪደሩ ቆመው የራሳቸውን አወጁ፦ «ልጆቼ ስሙ! ከዛሬ ጀምሮ የስኳራችሁን ልክ የምይዘው በስም ነው፣ በማዕረግ አይደለም! ጠዋት ለዳይሬክተሩ የቀዳሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሰውዬው ባለሙያ ሆኖ ጠበቀኝ!»

መዋቅሩም በሰፊ ወረቀት በግድግዳ ላይ በተንጣለለ ጊዜ፣ ሳጥን በሳጥን ላይ ተደርቦ ሲታይ፣ የመዝገብ ቤት ሳጥን አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ መደቡ እንዲሰረዝ፣ እትዬ ፋይል እንዲሰናበቱ፣ በቁም ሳጥኖቹ ላይ ያለው ጽሕፈት እንዲፋቅ ታዘዘ። ያ ጽሕፈት የመጀመሪያው መዝገብ ሹም፣ የሟቹ ባለቤታቸው፣ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ስለዚህ ነገር ዜና መዋዕሉ ከዚህ በላይ አይናገርም።

የስንብቱ ደብዳቤ አንድ ቅጂ ለማኅደር ተመራ፤ ማኅደር የሚያስቀምጥ ግን በመሥሪያ ቤቱ ከእትዬ ፋይል በቀር አልነበረምና ወደ እጃቸው መጣ። እርሳቸውም መነጽራቸውን ወልውለው፣ ቁጥር ሰጥተው፣ ማኅተም መትተው፣ ርእሱን አነበቡ፦ የሥራ መደብ ስለ መሰረዝ። የመዝገብ ቤቱ የጥንት ሥርዓት ደግሞ የሰው ጉዳይ በሰውየው፣ የመደብ ጉዳይ መደቡን መጀመሪያ በያዘው ሰው ማኅደር ይግባ ይላል። ስለዚህ ወደ ዐሥራ አራተኛው ቁም ሳጥን፣ ወደ ዐረፉት መሳቢያ ሄዱ። ስድስት ዓመት አልከፈቱትም ነበር። ከፈቱት። ደብዳቤውን በባለቤታቸው ማኅደር አኖሩ፤ ጥቂት ቆዩ፤ ዘጉት።

ሰኞ የኮሚቴው ሠራዊት ስንብቱን ሊያስፈጽም ወረደ። በእትዬ ፋይል ማኅደር የቅጥር ደብዳቤ፣ አንድ ምስጋና፣ የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድም ተገኘ፤ ስንብት ግን አልተገኘም። ሦስት ቀን ፈለጉ፤ ገመድ ዘርጊው ከቁም ሳጥን ሥር ገብቶ በእግሩ ተጎትቶ ወጣ። በዚያን ጊዜ እትዬ ፋይል ከወንበራቸው ሆነው አወጁ፦ «ጌቶቼ፣ ስሙኝ! ደብዳቤው ቦታው ላይ ነው። ቦታውን የሚናገረው መዝገብ ሹም ነው። እኔ ደግሞ ተሰናብተሻል ተብያለሁ። አልተሰናበትሽም በሉኝና ላውጣላችሁ።»

አማካሪዎቹም ላፕቶፓቸውን ከደኑ፤ ከቀትር በኋላም የመጨረሻው አዋጅ ወጣ፦ «መዝገብ ቤቱ ይቀጥል። የሹሟ ስንብት ተነሥቷል። የቁም ሳጥኖቹ ጽሕፈት አይነካ።» በግድግዳው መዋቅር ጥግም አንዲት ሳጥን በእስክሪብቶ ተሣለች፤ ከማንም ጋር የሚያገናኛት መስመር ግን አልተሰጣትም።

የዚህም አዋጅ ደብዳቤ የመደብ ጉዳይ ነውና በዚያው መሳቢያ ገባ። ሁለቱ ጎን ለጎን አሉ፤ መሳቢያውም ከዚያ ወዲህ ይከፈታል።

እንግዲህ ሦስት መዋቅር ሲፈራረቅ ከወንበሯ ያልተነሣች፣ ያለ ጦር ያሸነፈች፣ ያለ ሊፍት የከበረች፣ የባሏን ጽሕፈት ከፋቂ እጅ ያተረፈች፣ እርሷ ብፅዕት ናት፤ አራተኛው መዋቅርም ሲመጣ ቁጥር ሰጥታ ትቀበለዋለች።