ቀለበት ያጠለቀው እንጉዳይ

(ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ ከላቀው ማሳ ግርጌ ባለው ጫካ ሁለት ሰዎች አንድ እንጉዳይ ላይ አጎንብሰው ይከራከራሉ። ወንዳወቅ ከፍኖተ ሰላም የመጣ ባለሙያ ነው፤ ባለፈው እሑድ የቀበሌውን ሰው ሰብስቦ ስለ መርዘኛ እንጉዳይ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተምሯል፤ ሕዝቡም እንቅልፉን ጠግቦ ተመልሷል። ላቀው አርሶ አደር ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ወንዳወቅ እንዲያ ብሎ ደምድሟል።)

ላቀው፦ ኧረ ይበላል ልጄ። አያቴም በልቶታል።

ወንዳወቅ፦ አያትዎ አሁን የት አሉ?

ላቀው፦ ሞቷል።

ወንዳወቅ፦ ይኸው።

ላቀው፦ በዘጠና ሦስት ዓመቱ ነዋ።

ወንዳወቅ፦ ባይበሉት መቶ ይደፍኑ ነበር። (ይንበረከካል፤ ሱሪው በጭቃ ይለወሳል) ጋሽ ላቀው፣ ምልክቱን ይዩ። ይኸ ላይኛው ምንድን ነው?

ላቀው፦ ባርኔጣ።

ወንዳወቅ፦ ባርኔጣ ብቻውን አይፈርድም። እግሩ ላይስ ምን ይታይዎታል?

ላቀው፦ ቀለበት መሰለኝ። ቀላ ያለ።

ወንዳወቅ፦ ቀላ ካለማ የባሰው ነው። እሑድ ምን ብዬ ነበር?

ላቀው፦ ቀለበት ያለውን አትንኩ ብለሃል። ባርኔጣ ደፍቶ፣ ቀለበት አጥልቆ... የቀረችው ሙሽሪት ብቻ ናት።

ወንዳወቅ፦ ይኸ ሙሽራ ቤተሰብ ይጨርሳል።

ላቀው፦ (አሽትቶ) ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል እኮ።

ወንዳወቅ፦ (እሱም አሽትቶ፣ ፊቱን አኮማትሮ) መርዙ ነው የሚሸተው። እንዲህ ያለ ብርቱ መርዝ አይቼ አላውቅም።

ላቀው፦ እነዚያ ማዶ ያሉትስ?

ወንዳወቅ፦ (ዞር ዞር ብሎ አይቶ) ሁሉም አጥልቀዋል። ዘር ማንዘሩ መርዝ ነው።

ላቀው፦ እንግዲያ ጻፍልኝ የኔ ጌታ። ጎረቤቴ ያረጋል ዓመት ዓመት ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ለቅሞ ይጨርሰዋል። እኔ ብነግረው አያምነኝም፤ ማይም ነኝ።

(ወንዳወቅ በትልልቁ «መርዝ ነው፤ አይነካም» ብሎ ይጽፋል፤ ይፈርማል፤ ማኅተም ከቦርሳው አውጥቶ ያሳርፍበታል። ላቀው ወረቀቱን ዛፉ ላይ ይሰካና ርቆ ያየዋል። ደስ ብሎታል። ከዚያ ቅርጫቱን አንስቶ እንጉዳዩን መልቀም ይጀምራል።)

ወንዳወቅ፦ ጋሽ ላቀው፣ ምን ነካዎት?

ላቀው፦ የፍልሰታ ወጤ ነው። ዘንድሮ ገና ልጠግብ ነው።

ወንዳወቅ፦ ቀለበቱስ?

ላቀው፦ (ቀለበቱን በጥፍሩ ፈልቅቆ መዳፉ ላይ እያኖረለት) የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ዛሬ ጠዋት እኔው ነኝ ያጠለቅሁላቸው።

ወንዳወቅ፦ ማን አስተማረዎት?

ላቀው፦ አንተው ነሃ። እሑድ ያልተኛሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።