የጓሮ ተከራዮቼ ጠብ

ጆሮ የሰማውን ብቻ የሚያቀብል ታማኝ መልእክተኛ ነው የምትሉ ካላችሁ ጆሯችሁን ገና አላወቃችሁትም። ጆሮ አድሏዊ ነው። የትኛውንም ቋንቋ ቢሰማ ፍርዱን የሚሰጠው በእናቱ ቋንቋ ነው። የኔ ጆሮ ደግሞ አንድ ሕግ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ድምፅ ከፍ ካለ ጠብ፣ ዝቅ ካለ ሰላም። በዚህ ሕግ አድጌ፣ በዚህ ሕግ አግብቼ፣ በዚሁ ሕግ ተከራይ ባስገባ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው? እስኪ እናንተው ፍረዱኝ።

ቤቴ አዳማ፣ ወደ ወንጂ መውጫ ላይ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ሁለት ክፍል ሠርቻለሁ። ባለቤቴ አልማዝ ክፍሎቹን ያሰበቻቸው ደራ ላይ ብቻቸውን ለሚኖሩት እናቷ ነበር። እኔ ግን ፋብሪካ የሚሠሩ ቻይናዊ ባልና ሚስት ሲጠይቁኝ ሰጠኋቸው። ለአልማዝ ስነግራት ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንደወደድክ» አለችኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያልኩት፣ ልብ በሉልኝ። ተስማማን ማለት አይደል?

ከዚያ ወዲህ አመሻሽ ላይ በረንዳችን ላይ ቁጭ ብለን፣ ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ጉዳዩን እንወያያለን። «እናቴ ብቻዋን ናት» ትለኛለች። «ውላቸው ይለቅ» እላታለሁ። እሷም ስኒዎቹን ሰብስባ ትገባለች። አንድም ቀን ጮኸን አናውቅም።

ተከራዮቹ ግን፣ ከገቡባት ምሽት ጀምሮ ጠብ ነው። ባልየው አንድ ነገር ይወረውራል፤ ሚስቲቱ ከፍ አድርጋ ትመልስለታለች። ድምፃቸው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ድንገት ይቆረጣል። ከቋንቋቸው አንድ ቃል አላውቅም፤ ነገሩ ግን አንድም አላመለጠኝም። በረንዳችን ላይ ሆኜ ለአልማዝ እተረጉምላት ነበር። አሁን ዘመዶቿን እየሰደበ ነው፣ አሁን ደግሞ እሷ አንተ ብሎ ባል እያለችው ነው፣ እላታለሁ። አልማዝ ሰምታ ሰምታ «የሰውን ጠብስ አሳምረህ ትሰማለህ» አለችኝ። ሙገሳ መስሎኝ አመሰገንኳት።

አንድ ቅዳሜ ድስት የሚያህል ነገር ወደቀ፣ ሴትየዋም ጮኸች። እንግዲህ እኛ አገር ጠብ ሰምቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ ሰው አይባልም። በማግስቱ የሰፈራችንን ሽማግሌዎች ጋሽ ቱፋንና ሐጂ ከድርን ይዤ መጣሁ። ጋሽ ቱፋ እንደ ዕርቅ ደንቡ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘዋል። እዚያው ፋብሪካ አስተርጓሚ የሆነችውን ጎረቤታችንን ጫልቱንም ለመንኳት። አልማዝ ከኋላችን ተከተለች።

ጋሽ ቱፋ ከረጅም የ«አካም ጅርቱ» ሰላምታ በኋላ ስለ ትዳር ክብር፣ ስለ ትዕግሥት፣ በሰው አገር ስለመተዛዘን ተናገሩ። ጫልቱ ተረጎመችላቸው። ባልና ሚስቱ ተያዩና በሳቅ ፈረሱ። ሳቅ! ይኼ ነው ያንገበገበኝ። ሽማግሌ ሣር ይዞ በርህ ላይ ቆሞ ይሳቃል?

ጫልቱ እንደነገረችን፣ የቅዳሜው ጩኸት ሩዝ ይጨመርልህ ወይ የሚል ነበር። ተጣልተውም አያውቁም። ይባስ ብሎ ሰውየው ምስጋና ጨመረ። በየምሽቱ መስኮታቸውን ከፍተው የኛን በረንዳ ያዳምጣሉ አሉ። እንዲህ በለሆሳስ የሚዋደድ ባልና ሚስት አይተው አያውቁም፤ ሚስቱም እንደነሱ ለምን አታናግረኝም እያለች ታስቸግረዋለች።

ሽማግሌዎቹ በአድናቆት ወደኔ ዞሩ። እኔም አንገቴን ቀና አደረግሁ። ያኔ አልማዝ፣ ያንኑ ዝቅ ያለ ድምጿን ይዛ፣ «አባቶቼ፣ ሣሩን ሳትጥሉ ወደኛ በረንዳ ተሻገሩልኝ» አለች። ያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማኝ።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አልማዝ የእናቷንና የክፍሎቹን ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እኔው በገዛ እግሬ ሄጄ ያመጣኋቸው ሽማግሌዎች እኔው ላይ ፈረዱብኝ። ተከራይ ውል አለውና አይነካም፤ እናት ግን ይምጡ ተባለ። እማማም ከደራ መጡ። እሳቸውና አልማዝ መኝታ ቤቱን ወሰዱ፣ እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ወጣሁ። ወገቤን ጠይቁኝ። ለነገሩ አልዋሽም፣ ቤቱ ሞቋል፤ የአልማዝ ፊትም በርቷል። እማማ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል ግን «ውኃ ላምጣልዎት?» ለማለት እንኳ መጮህ ግድ ነው። እማማ በእሳቸው ፊት የሚንሾካሾክ ሰው የሚያማቸው ስለሚመስላቸው፣ እኔና አልማዝም እርስ በርሳችን የምናወራው እየጮኽን ሆኗል። ከጠዋት እስከ ማታ ጩኸት ነው፤ በፍቅር።

ትናንት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሁለቱ ተከራዮቼ ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል። ጫልቱ ከኋላቸው መሬት መሬት ታያለች። ሰውየው ጭብጥ ሙሉ እርጥብ ሣር ይዟል። ያ የተዋደደ ትዳር አሮጊቷ ከመጡ ወዲህ ሲፈርስ እየሰሙ ዝም ማለት አልቻሉም፤ ሊያስታርቁን ነው የመጡት።

ደሜ ፈላ። አልተጣላንም፣ እንዲያውም አሁን ነው የታረቅነው፣ እያልኩ እማማም እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማስረዳት ጀመርኩ። ሰውየው አንድ ቃል አልገባውም። ግን ወደ ሚስቱ ዘንበል ብሎ፣ ያልኩትን ሁሉ ይተረጉምላት ነበር።