ሱሪው ያልጠበበው ሰው

የሰው ሆድ ሳይተች የማያልፍ፣ የራሱን ግን የማያይ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፣ ዛሬውኑ ዕቃዬን ጠቅልዬ ልግባ። የኛ ሰፈር አለው፤ ያውም ልብስ ሰፊ! የሱን ክፍል እኩሌታ ተከራይቼ ስልክ እጠግናለሁ። የሚለየን መጋረጃ ብቻ ስለሆነ የማወራችሁን ሰምቼ ሳይሆን ኖሬበት ነው።

ሊቀ ሜትር እንለዋለን። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም፤ ሰው ገና በር ላይ ሲደርስ በዓይኑ ለክቶ ጨርሷል። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ሆድ ነው የአደራ ዕቃ?" ይላል። ዳቦ ጋጋሪዋን "እትዬ፣ ይሄ ጨርቅ አይበቃም፤ የመስኮቱን መጋረጃም ይዘው ይምጡ" ብሏቸው፣ ጨርቃቸውን አንስተው እንደወጡ ቀሩ። ሰላምታም የለ።

ስለራሱ ከተጠየቀ ይነሳና አውራ ጣቱን በሱሪውና በወገቡ መሃል ሰክቶ፣ "ሱሪዬ መቼ ጠበበኝ?" ይላል። እንዴት ይጥበበው! ትንሽ ያዝ ባደረገው ቁጥር ቁምጣ ለብሶ ማሽኑ ላይ ይቀመጥና ስፌቱን ፈትቶ ጣት ያህል ያሰፋዋል። ይለብስና "ይኸው፣ ልክክ!" ይላል።

ከወንበሩ ንቅንቅ የለም። "አንተ ልጅ፣ ክር አቀብለኝ!" ሲለኝ ክሩ ያለው እኮ እሱ ጀርባ ነው! ለስላሳው ከማሽኑ አጠገብ አይጠፋም። ሻዩ ላይ ስኳር አይጨምርም፣ ስኳሩ ላይ ነው ሻይ የሚጨምረው። ምሳው የተጠበሰ ድንች በዳቦ። እንዲህ እየዋለ ጠጪ ሲያልፍ ካየ ይጮሃል፤ "እኔ ጠብታ አልቀመስኩም! ጉበቴ የሕፃን ጉበት ነው!"

በዚህስ የሚቀልድበት የለም። ታላቅ ወንድሙ በጉበት ነው የሞተው፤ ጉበቱ ጠጥሮ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ። "ጠጥቼ አላውቅም" እንዳለ ሞተ። ማን ይመነው! ለቅሶው ላይ "ተደብቆ ይጠጣ ነበር እንጂ" ያለው ራሱ ሊቀ ሜትር ነው።

ባለፈው "ኩላሊቴን" ብሎ ሐኪም ቤት ሄደ፤ እኔ ነኝ የሸኘሁት። ሐኪሟ ሆዱን በአልትራሳውንድ አየችና፣ "ኩላሊትዎ ደህና ነው። ጉበትዎ ላይ ግን ስብ አለ" አለችው።

"ማን? እኔ? አልጠጣም እኮ!"

"መጠጥ ብቻ አይደለም፣ አባባ። ለስላሳው፣ ጣፋጩ፣ ጥብሳጥብሱ፣ ተቀምጦ መዋሉ፣ ይሄ ቦርጭ ያመጣዋል። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚገባው። አሁን ክብደት ከቀነሱና ከተንቀሳቀሱ ሊመለስ ይችላል። ችላ ካሉት ግን አንዳንዱ ሰው ላይ ጉበቱ ይጠጥራል።"

ሆዱ ላይ ለምርመራው የተቀባውን ቅባት ሳይጠርግ ቀና አለ። "ጠብታ ያልቀመሰ ሰውም?"

"ያልቀመሰም።"

በራችን ስንደርስ፣ "ወንድሜ ለስላሳ ይወድ ነበር" አለ። ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካው ቆመ። "ሱሪ ጠበበኝ እያለ ይመጣ ነበር። እኔ ነኝ የማሰፋለት።"

ወሬ ክንፍ አለው። በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪዋ በራችን ላይ ቆመው ለሰው ሁሉ፣ "ተደብቆ ይጠጣ ነበር እንጂ!" አሉ። ያቺን የመስኮት መጋረጃ ተረብ አልረሷትም። ሚስቱ ሳትቀር ትንፋሹን አሸተተችው። እኔ ልሟገት ስነሳ እጄን ያዘኝ።

"ተዋቸው። እኔም ብያለሁ።"

አሁን ተረቡ ቀርቷል። ደንበኛ ሲለካ ሜትሩ ወገብ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ማንም ሳይጠይቀው ቀስ ብሎ፣ "ወንድሜ አይጠጣም ነበር" ይላል። ሰውየው ግራ ገብቶት ጣሪያ ያያል። ለስላሳውን ትቷል። ሱሪውንም አያሰፋም፤ ቁልፉ አልገጥም ሲለው ሸሚዙን አውጥቶ ይሸፍነዋል። ክፍሉ ጭር አለ። ያ ስድቡ እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እኔስ ምን አደረግኩ? ክሩን ሁሉ ሰብስቤ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ከኔ ወንበር በላይ ሰቀልኩት።

"አንተ ልጅ፣ ጥቁር ክር አቀብለኝ!"

አልሰማም።

"ደንቆሮ! ጆሮህንም ጠግነው!"

ይነሳል፤ ወንበሩ ሲንቋቋ እሰማለሁ። እየተራገመ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ተንጠራርቶ መርጦ ይመለሳል። ብርሃኑ ደካማ ነው፤ አንዳንዴ በጥቁር ፈንታ ሰማያዊ ይዞ ይሄዳል። እኔም አልነግረውም፤ ደግሞ ይመጣላ።